ጳጉሜን ማን ጨመራት?

አምኃ ሙሉ ማርክ አይሸጥም ነበር።

ይህን በካዛንቺስና በኡራኤል አካባቢ በማታ የሚማር ሁሉ ያውቀዋል። የባንክ ገንዘብ ከፋዩ፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባይዋ፣ ቀን የአባቱን ሱቅ ሲጠብቅ ውሎ ማታ ማኔጅመንት የሚማረው ጎረምሳ፣ ሁሉም አሳይመንቱን ይዞ ረውዳ ፎቶ ኮፒ ቤት ይመጣል። ከማሽኑ ጀርባ፣ የወረቀት ካርቶን በተደረደረበት ጥግ፣ አንዲት ጠባብ ጠረጴዛ አለች። አምኃ ከዚያች ጠረጴዛ ቀና ሲል መጀመሪያ የሚያየው ጥያቄውን ሳይሆን የሰውየውን ፊት ነው። ከዚያ «ስንት ይበቃሃል?» ይላል። «አስር ከአስር» ያለ ሰው ጉዱ ፈላ።

«አስር ከአስር? አንተ? ማን ያምንሃል? ስምንት እሰጥሃለሁ፤ ሁለቱን ትሳሳታለህ።»

«እኔ መች ሠራሁትና ነው የምሳሳተው ጋሼ?»

«እኔ እሳሳትልሃለሁ።»

የአምኃ ሙያ ይኸው ነበር። ትክክለኛውን መልስ ማግኘት ለእሱ ሻይ ከመጠጣት አይከብደውም። የሚጠበበው ስህተቱ ላይ ነው። ልክ እንደ ልብስ ሰፊ ለየሰዉ በልኩ ይሰፋል። ባንክ ቤት የሚሠራው ኤርሚ ችኩል ስለሆነ፣ ስታቲስቲክስ ሲሠራለት መጨረሻ ላይ ያለውን ስኩዌር ሩት ያስረሳዋል። የሆቴሏ ሰብሪና ደግሞ ክርክር ስለምትወድ፣ ኢኮኖሚክሷ ላይ ረዥምና ቆንጆ ማብራሪያ ይጽፍላትና የግራፉን መስመር ወደ ግራ መሄድ ሲገባው ወደ ቀኝ ይሰደዋል። ዕድሜያቸው ገፋ ላሉ ተማሪዎች የሚያውላት ግን አንዲት ልዩ ስህተት ነበረችው፣ የሚኮራባት። የዓመት የቤት ኪራይ በቅድሚያ ተከፍሏል፣ የአንድ ወሩን ወጪ አስሉ ሲባል፣ ለአሥራ ሁለት ማካፈል ሲገባ ለአሥራ ሦስት ያካፍልላቸዋል። ጳጉሜን ይጨምርላቸዋል ማለት ነው። «ዕድሜ ልኩን አሥራ ሦስት ወር ፀጋ ሲባል የሰማ ሰው፣ ቢሳሳት እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው» ይላታል ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ለረውዳ። አስተማሪዎቹም ፈገግ ብለው አንድ ማርክ ቀንሰው ያልፉታል።

ነውር ሥራ ነው የሚል ይኖራል። ነውር ነው፤ ማን ካደ? አምኃም ያውቀዋል። ግን ከሰማይ ዱብ ያለ ነውር አይደለም። ቂርቆስ ተወልዶ፣ ቂርቆስ አድጎ፣ በደርግ መጨረሻ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ሦስተኛ ዓመት ደርሶ ነበር። አባቱ በድንገት ሲሞት ታናናሾቹን ማን ያሳድግ? ትምህርቱን አቋርጦ በአንድ የመንግሥት ንግድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ተቀጠረ። መንግሥት ተለወጠ፣ ድርጅቱ ተሸጠ፣ አምኃም ከዕቃው ጋር ተራገፈ። ሌላ ቦታ ሲያመለክት «ዲግሪህስ?» ይሉታል። ሦስት ዓመት የተማሩት ትምህርት ማስረጃ የለውም፤ ግድግዳ ላይ የማይሰቀል፣ ሆድ ውስጥ የሚቀር ነገር ነው። እንዲህ እንዲህ ሲል ወረቀት የሌለው ሰው፣ ወረቀት ለሚፈልጉ ሰዎች ሠርቶ አዳሪ ሆነ። ሌላው ሰው ቢሆን ይስቅበት ነበር። እሱ ግን የምረቃ ፎቶ ሊያሳዩት በመጡ ቁጥር «እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ ቶሎ ወደ ጠረጴዛው ያጎነብሳል።

ጀማነሽ የመጣችው ሚሌኒየሙ ተከብሮ ባለፈ በዓመቱ፣ ግንቦት ውስጥ ነው። ያኔ ቢፒአር የሚሉት ለውጥ በየመሥሪያ ቤቱ እየዞረ ወንበር የሚቆጥርበት ጊዜ ነበር። ጀማነሽ በአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት ሠርታለች፤ አለቆች ሲመጡና ሲሄዱ እሷ ከታይፕ ወደ ኮምፒውተር ከመዛወር በቀር ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። አዲሱ መዋቅር ግን ለዚያች ወንበር ዲፕሎማ ጠየቀ። ዲፕሎማውን በማታ ስትማር ቆይታ፣ ሌላውን ሁሉ አልፋ፣ የቀራት አካውንቲንግ ብቻ ነው። እሱን ሁለት ጊዜ ወስዳ ሁለቴ ኤፍ በልታለች። አሁን ሦስተኛዋ ነው። ሐምሌ ላይ ድልድል ይወጣል፤ እስከዚያ ካላለፈች ተንሳፋፊ ትሆናለች። ተንሳፋፊ የሚሉት ያኔ ወንበሩን የተነጠቀ ሠራተኛን ነበር፤ ኮሪደር ላይ ቆሞ መሰናበቻውን የሚጠብቅ።

ይህን ሁሉ ለአምኃ የነገረችው ቆማ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው።

«በዚህ ዕድሜዬ የሰው ደጅ ስጠና አፍራለሁ» አለች።

«ያፈረ አይማርም ወይዘሮ ጀማነሽ» አላት፣ የሚማር ሰው የመጣበት ይመስል። ፊቷን አየ፣ የሻሿን አስተሳሰር አየ፣ ወዲያው ወሰነ፤ ጳጉሜ።

በማግሥቱ ወረቀቷን ወስዳ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ያው ወረቀት በእጇ እንደተጠቀለለ ተመልሳ መጣች። አሁን ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

«አቶ አምኃ፣ ይቺን ማነው የተሳሳተው?»

አምኃ መነጽሩን አስተካከለ። «እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? እኔ ነኝ ለአሥራ ሦስት የማካፍለው?» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ሃያ ሁለት ዓመት የወር ደሞዝ የበላሁ ሰው ነኝ! ለጳጉሜ አንዲት ሳንቲም ተከፍላኝ ታውቃለች? የቤት አከራዬስ ለጳጉሜ ጠይቆኝ ያውቃል? ጳጉሜ ወር አለመሆኗን ከኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? እንዲያው እንዴት ቢያዩኝ ነው እንደዚህ አድርገው ያሳሳቱኝ?»

ረውዳ ፎቶ ኮፒውን ትታ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። የምትስቀው አምኃ ላይ ነበር።

«ስህተት መኖር አለበት» አለ አምኃ እየተንተባተበ። «ካልሆነ አያምኑም።»

«ይኑር! ግን የኔ ይሁን እንጂ የሰው ስህተት ለምን ያሸክሙኛል?»

አምኃ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ስንቱን አሳስቶ፣ ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም። ደነገጠ፤ ቀጥሎም አፈረ። ሴትዮዋን ሳይሆን ሻሿን አይቶ እንደፈረደ ገባው።

«እንግዲያው እርስዎ የቱ ጋ ነው የሚሳሳቱት?» አላት።

«እሱን ባውቅማ እዚህ ምን አመጣኝ?»

ይህ እውነት ነው። አምኃ ካርቶኑን ገፋ፣ መቀመጫ ዱካ ሳበላት፣ ባዶ ወረቀት ሰጣት። «ይሥሩትና ልየው» አለ። ጀማነሽ በዚያ ለሃያ ሁለት ዓመት ባልተበላሸ የጸሐፊ እጅ ጽሑፏ መጀመሪያውን ጥያቄ ጻፈች። አንድ ነጋዴ ለደንበኛው ዕቃ በዱቤ ሸጠ፤ መዝግቡ ይላል። እሷም ከደንበኛው የሚሰበሰበውን ዴቢት በማድረግ ፈንታ ክሬዲት አደረገችው። ሁለተኛው ላይም እንደዚያው። ሦስተኛውም ያው ነው። እዚያ ጋ ዱቤ የሚል ነገር ባለበት ሁሉ ትገለብጠዋለች፤ ዱቤ በሌለበት አንድም አትሳሳትም።

«ለምን ክሬዲት አሉት?»

«ዱቤ ነዋ! ዱቤ በእንግሊዝኛ ክሬዲት አይደል? ሰውየው በዱቤ ወሰደ፤ እኔም ክሬዲት አልኩት።»

«አስተማሪዎ ምን አለዎት?»

«ዴቢት ግራ፣ ክሬዲት ቀኝ፣ ሸምድዱ አለን። ሸመደድኩ። ፈተና ላይ ስቀመጥ ግን ዱቤዋ ትመጣብኛለች። የሰፈራችን ሱቅ በር ላይ ‹ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ› የሚለውን እያነበብኩ ነው ያደግኩት፤ እሱ ከልቤ በምን ይወጣል?»

አምኃ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና ደግሞ አየው። ይህችን ስህተት እሱ ሊፈጥራት አይችልም ነበር። ስንፍና አይደለችም፤ ሴትዮዋ አስባ፣ አመዛዝና፣ በአንዲት ቃል ምክንያት ነው በተሳሳተ መንገድ ቀጥ ብላ የሄደችው።

«ወይዘሮ ጀማነሽ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የሱቁ ክሬዲትና የመዝገቡ ክሬዲት ሞክሼ ናቸው።»

«ሞክሼ?»

«ሞክሼ። ስም ይጋራሉ እንጂ ዘመድ አይደሉም። የመዝገቡ ክሬዲት ቀኝ ማለት ነው። አለቀ። ዱቤ አይልም፣ ብድር አይልም፣ ቀኝ ነው። ዱቤ የወሰደው ሰው ለነጋዴው ሊከፍል ነው፤ ለነጋዴው ሀብቱ ነው፤ ሀብት ሲጨምር ግራ ይቀመጣል።»

ጀማነሽ ወረቀቱን አየች። ጣቷ ከቀኝ ወደ ግራ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ፤ ደስታ ነው ያለ ሰው ተሳስቷል፣ ንዴት ነበር።

«በዚች ቃል ነው ሁለት ዓመት የተቃጠልኩት? እንዴት ሰው አይነግረኝም?»

«እንዴት አስበው እንደሚሳሳቱ ማንም አልጠየቀዎትማ።» ይህን ሲል እሱም ያልጠየቀ መሆኑ ትዝ አለውና ጎሮሮውን ጠረገ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጀማነሽ ከቢሮ ስትወጣ፣ ክፍል ከመግባቷ በፊት፣ ረውዳ ቤት ጎራ ማለት ጀመረች። አምኃ ጥሩ አስተማሪ ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም፤ «ይሄማ ግልጽ ነው!» እያለ ጠረጴዛ ይመታል። እሷ ደግሞ «ግልጽ ቢሆን ይሄኔ ቤቴ ነበርኩ» ትለዋለች። ደንበኞች ወረፋ ይዘው ሲነጫነጩ ረውዳ «ታገሡ፣ ጋሽ አምኃ እየተማረ ነው» ትላቸዋለች። እውነቷን ነበር። አምኃ ያንን ሰዓት እንደሚጠብቀው፣ እሷ ያረፈደች ቀን ደጅ ደጁን እንደሚያይ ለራሱም አልነገረም።

አሳይመንቱን የምታስገባበት ቀን ሲደርስ ጀማነሽ ሁሉንም ራሷ ሠርታ፣ በራሷ እጅ ገልብጣ አመጣች። አምኃ ከላይ እስከ ታች አየው። አንድም እንከን የለውም። ደስ አለው፤ ወዲያው ፈራ።

«አንዲት ስህተት ያስገቡበት» አላት።

«ምን አሉ?»

«ሁለት ኤፍ ያለበት ሰው ድፍን ማርክ ሲያመጣ አያምኑም። ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ። አንዲት ትንሽ ብቻ።»

«አቶ አምኃ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የአለቆቼን ፊደል ሳርም ነው የኖርኩት። እያወቅኩ ስህተት ልጻፍ ብል እጄ አይታዘዘኝም። ደግሞስ የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል አልሰሙም? ይህ የኔ ነው፤ እንዳለ ይግባ።» ረውዳ የፊት ገጹን በኮምፒውተር ሠራችላት፤ ለሁሉም እንደምታደርገው በጽጌረዳ አበባ ከበበችው። ጀማነሽም ይዛ ሄደች።

አምኃ የፈራው አልቀረም። በሳምንቱ ጀማነሽ መጣችና ዱካው ላይ ተቀመጠች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ቦርሳዋን እንደ መጀመሪያው ቀን በሁለት እጇ ይዛለች።

«‹ያሠራሽውን ሰው አምጪ› አለኝ አስተማሪው። በአንቺ ጠራኝ፣ በልጅ ዕድሜው። ውጤቱን ያዘው። አሳይመንቱ ዜሮ ከሆነ ፋይናሉን ብደፍነውም አላልፍም።»

«ማነው አስተማሪው?» አለች ረውዳ።

«ፍሬአብ የሚባል ነው። ዘንድሮ ነው የመጣው።»

ረውዳና አምኃ ተያዩ። ጀማነሽ ክፍል ልትገባ እንደወጣች ረውዳ ፈነዳች።

«ፍሬአብ! የኛው ፍሬአብ! የሱን አሳይመንት ማን ሠራለት? በቃ ሄደህ ፊት ለፊት ንገረው ጋሽ አምኃ፤ እሷን ቢነካ አንተም እንደምትናገር ይወቀው!»

እውነት ነው፣ ፍሬአብ የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲማር ያቺን ጠረጴዛ ያላወቀበት ሴሚስተር የለም። በኋላ ግን ራሱን ችሎ፣ ጥሮ ግሮ ማስተርስ ይዟል፤ ይህን አምኃ ያውቃል፣ ያከብርለታልም። በማግሥቱ ወደ ኮሌጁ ሲወጣ መንገዱን ሙሉ ምን እንደሚል ሲያሰላስል ነበር። ማስፈራራት አይሆንለትም። መለመንም ያንገበግበዋል። ዝም ብሎ መመለስ ግን ሴትዮዋን ኮሪደር ላይ ማቆም ነው።

ፍሬአብ ሲያየው ከወንበሩ ተነሣና በሩን ዘጋ።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት?»

«ስለ ወይዘሮ ጀማነሽ ነው።»

«ገምቼ ነበር። ኮቨር ፔጁ ላይ የረውዳን አበባ ሳይ በቃ ገባኝ። ጋሼ፣ ሰው ልጎዳ አይደለም፣ ማለቴ... ሁለቴ ኤፍ፣ ከዚያ ድፍን ማርክ? እኔስ ምን ይሉኛል? ሼም ነው'ኮ።»

«ስህተት አገኘህበት?»

«የለውማ! ችግሩ እሱ አይደል?»

«ፍሬአብ፣ ከኔ ጠረጴዛ ስህተት የሌለው ወረቀት ወጥቶ ያውቃል?»

አምኃ ይህን ያለው አስቦበት አልነበረም። ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን ማለት እንደሆነ የገባው። ይህን ጥያቄ መመለስ የሚችለው ያቺን ጠረጴዛ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ፍሬአብ «አያውቅም» ካለ ራሱን መመስከሩ ነው። ልጁ ፊቱ ሲቀላ አይቶ አዘነለት።

«ልይዝህ አልመጣሁም» አለው። «ያንተ ቢወጣ የኔም ይወጣል፤ የኔ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ጥራትና ጠይቃት። መልሱን አትጠይቃት፣ መልስ ይሸመደዳል። ድሮ ለምን ትሳሳት እንደነበር ጠይቃት። እሱን እኔ ልጽፍላት አልችልም።»

ፍሬአብ በሩ በደንብ መዘጋቱን አየ።

«አያውቅም» አለ በዝቅተኛ ድምፅ። «ሁልጊዜ ማይነስ ነበር የሚያጠፉልኝ። አሁንም ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ማይነሷን ሁለቴ ነው የማያት።»

የሆነውን ጀማነሽ ናት የነገረቻቸው። አስተማሪው ክፍል ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ወይዘሮ ጀማነሽ» ብሎ ጀመረ፤ በእርስዎ። ከዚያ ድሮ የምትሳሳተው ለምን እንደነበር ጠየቃት። እሷም ከሱቁ በር ጀምራ፣ ዱቤዋን፣ ሞክሼዋን፣ አንድ በአንድ አወራች። ከኋላ ያሉት ልጆች «እኔም እኮ እንደዛ ነበር የማስበው!» ማለት ጀመሩ። ፍሬአብ ሰሌዳው ላይ «ሞክሼ ናቸው» ብሎ ጻፈ፣ ማርኳንም ለቀቀላት። አምኃ ይህን ሲሰማ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ እንባ መሆኑን ረውዳ አይታለች፣ ለአንድም ሰው ግን አላወራችም። የቀረው ፋይናሉ ነበር፤ ወንበሯም በእሱ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት ዝናቡ የካዛንቺስን መንገድ ወንዝ አድርጎት ሳለ ጀማነሽ ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች። ረውዳ ማሽኑን አጠፋች። አምኃ ከጠረጴዛው ብድግ አለ።

«ቢ!» አለች ጀማነሽ። «ቢ ነው ያገኘሁት! ዛሬ ጠዋት ድልድሉ ተለጠፈ፤ ወንበሬ ላይ ነኝ!»

ረውዳ እልል አለች። አምኃ ግን የሙያው ነገር ሆነበትና «ኤ ያሳጣዎት ምንድነው?» ሲል ጠየቀ።

ጀማነሽ የፈተናውን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች፣ ለመስጠት ዘረጋች፣ መልሳ ያዘች። «አይስቁብኝ» አለች።

«አልስቅም።»

«ይማሉ።»

«በቂርቆስ!»

ሰጠችው። አንድ ገጽ ላይ ብቻ ትልቅ ቀይ ክብ አለ። በቅድሚያ የተከፈለ የዓመት የቤት ኪራይ ነው፤ የወሩን ወጪ አስሉ ይላል። ከሥሩ፣ በዚያ በማይዛነፍ የጸሐፊ እጅ ጽሑፍ፣ ተካፍሏል። ለአሥራ ሦስት።

አምኃ መሐላውን አፈረሰ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጀማነሽም ዱካው ላይ ወድቃ እስክታነባ ሳቀች።

«ሃያ ሁለት ዓመት ደሞዝ የበላሁ ሰው!» አለች ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች። «ምን ላድርግ፣ ልቤ ሲመታ ዓመቱ ረዘመብኝ።»

ከዚያ ወረቀቱን ከእጁ ተቀበለችው፤ በጥንቃቄ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ግን ይወቁልኝ አቶ አምኃ፣ ይቺን ጳጉሜ ማንም አልጨመረልኝም። ራሴ ነኝ የጨመርኳት።»